ንዴትዎን አከብራለሁ

ለከተማችን ሥራ ፈጣሪዎች የከበረ ምስጋናዬ ይድረስ። ድሮ ጅማ ውስጥ ቀብድ የበላ ሰው ከሩቅ ሲያይህ መንገድ ይቀይር ነበር። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ብታገኘው ወደ ቆጪ ይታጠፋል። ያፍራል፣ ይንተባተባል፣ የሌለች አክስቱን ያሳምማል። ኋላ ቀርነት ነበር። ዛሬ ቀብድህን የበላው ሰው ዓይን ዓይንህን እያየ፣ በአፍንጫው ስቦ በአፉ ተንፍሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ንዴትዎን አከብራለሁ» ይልሃል።

ይህን ያመጣልን ሥልጠና ነው። ታውቁታላችሁ፤ ያልተጋበዘ ሰው የቀረ አይመስለኝም። የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ ፕሮጀክተር፣ በሻይ እረፍት ሁለት ብስኩት፣ በመጨረሻም ሰርተፍኬት። ርዕሱ ራስን መምራትና የስሜት ብልህነት ለሥራ ፈጣሪዎች ነው። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣል፣ ያስጨበጭባል፣ ይመለሳል። ውጤቱ ግን እዚሁ እኛ ጋ ይቀራል።

እኔ ጋ የቀረው ባለ እንጨት ቤቱ ነው። ለፋሲካ ይደርሳል የተባለ የዋንዛ ቁምሳጥን አዝዤው ነበር። ይኸው ክረምቱ ገብቷል፤ ልብሴ ሻንጣ ውስጥ ሻግቷል። ባለፈው ሰኞ ሄጄ «የት ደረሰ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ ውስጥ ንዴት ሰማሁ። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ።»

«ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ።»

ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። እሱም ጠበቀ። ለካ መልሱ ያ ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር ከቁምሳጥኑ አንድ ነገር ደርሷል። መስታወቱ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ሰጋቱራ ለብሷል። የሰው ፊት የሚደርስበት ቦታ ብቻ በየቀኑ ስለሚወለወል ያብረቀርቃል። ሰውዬው ጠዋት ጠዋት እዚያ ፊት ይቆማል። እጁን ይዘረጋል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል፣ ራሱን ያያል። «እኔ መሪ ነኝ» ይላል። ሁለቱ ተለማማጆች ምስማር በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ማሽን ማስነሳት አይፈቀድም፤ የውስጥ ጸጥታ ይረበሻል። መብራት ሲጠፋ መብራት የለም ብሎ አይሠራም። መብራት ሲመጣ ጸጥታ ያስፈልገኛል ብሎ ራሱ ያጠፋዋል። በዚህ መሀል የሆነ ሰው ሶፋውን ይጠይቃል። እሱም እንደኔ ይመሰገናል።

ራሱን ካየ በኋላ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ትናንት ማታ ቴሌግራም ላይ የለቀቀውን አንድ ወዳጄ ላከልኝ። መስታወቴን አየሁት፤ ደህና ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ ጤናው ሙሉ ነው። ከሥሩ «ትዕግሥት የስኬት እናት ናት» ተብሎ ተጽፏል። የማን ትዕግሥት እንደሆነ አልተጻፈም። ሦስት መቶ ሰው ልብ ሰጥቶታል። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ እሱ ጋ ቀብድ እንዳለው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዕውቀቱ ራሱ ምንም አልበደለንም። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን የስሜት ብልህነትን እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናት ጽሑፍ ሲያስተዋውቁ፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ ያወቁትንም ለሐሳብና ለድርጊት መመሪያ ማድረግ ነው ብለውታል። ድርጊት የሚለው ክፍል ጊቤን ሲሻገሩ ከመኪናው ወድቆ ሳይቀር አልቀረም። ዳንኤል ጎልማን እ.ኤ.አ. በ1995 ነገሩን ለሰፊው አንባቢ ሲያደርስ ራስን ማወቅን ከፊት አስቀደመ፤ ራስን መግዛትን አስከተለ። የኛዎቹ ሁለቱንም ዘለው በቀጥታ እኛን ወደ መግዛት ገቡ።

ራስን መምራትም እንዲሁ ነው። ቻርለስ ማንዝ የተባለው የአስተዳደር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ሐሳቡን ሲያሰፋው ሰው አለቃ ሳይቆምበት እንዴት ሥራውን እንደሚሠራ ነበር ያሳሰበው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ለራሱ ግብ ያወጣል፣ ራሱን ይታዘባል፣ ግቡን ሲመታ ራሱን ይሸልማል። የኔው ባለ እንጨት ቤት ሽልማቱን ተክኖበታል። በቀብዴ ስልክ ገዝቷል፤ ፎቶው ጥርት ያለው ለዚህ ነው። ሽልማቱን ከግቡ ማስቀደም ግን ማንዝም ያላሰበው የጅማ ፈጠራ ነው።

የቡና ሰብሳቢዎቹን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከጥቅምት ጀምሮ ገበሬው ቀዩን እሸት ለቅሞ ያመጣል። ለእጥበት የሚሆን እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካና ጣዕሙ ይበላሻል። ገበሬው ይህን ያውቃል። ሰብሳቢውም ያውቃል። ስለዚህ ሰብሳቢው እጅግ የተረጋጋ ሰው ነው። «አባባ፣ በስሜት አንወስን» ይላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዋጋውም ያዘቀዝቃል። በአባ ጅፋር ዘመን ሲራራ ነጋዴው ሂርማታ ገበያ ደርሶ ጭነቱን ሲያራግፍ በረጅሙ የሚተነፍሰው ደክሞት ነበር። አሁን ሳይደክሙም መተንፈስ ተችሏል።

አንዱ ደግሞ ካፌ አለው። በሩ ከመከፈቱ በፊት አስተናጋጆቹን ክብ ሠርተው ያቆማቸዋል። እያንዳንዷ የሚሰማትን በአንድ ቃል ትናገራለች። የመጀመሪያዋ «ደስታ» አለች። ሁለተኛዋ «ሰላም» አለች። ሦስተኛዋ «ደሞዝ» አለች።

«እሱ ስሜት አይደለም» አላት።

ቀጥሎም ኔጌቲቭ ኢነርጂ እያመጣሽብን ነው ተባለች። ቡድኑም እንዲያጨበጭብላት ተደረገ፤ ለማበረታቻ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። እግሯ አብጦ ነው ማታ ጫማዋን የምታወልቀው። ወሩ አልፎ ሌላው ተጋምሷል። አከራይዋ የሚሰማትን አይጠይቋትም፤ ኪራዩን ነው የሚጠይቋት። የሠራችበትን ብር ኪሱ አድርጎ «ስሜትሽን ተቆጣጠሪ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለተናገረ ሌብነቱ አይቀንስም። ልጅቷ መናደዷ ልክ ነው፤ ባትናደድ ነበር የሚያሳስበው። የሰው ላብ ይዞ የሰውን ድምፅ ከፍታ መለካት ነውር ነው። ነውር!

ተነፈስኩ። ወደ ምስጋናችን እንመለስ።

ይህን ሁሉ ሥልጠና በአንድ ቀን ያፈረሱ አንዲት እናት አሉ። ለልጃቸው ሠርግ አልጋ አዘው ነበር፤ እዚያው እኔ ጋ በቀረው እንጨት ቤት። ሠርጉ ደረሰ፣ አልጋው አልደረሰም። እናትየው በርጩማቸውን ከቤት ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። በሩ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ንዴትዎን አከብራለሁ።»

«አልተናደድኩም ልጄ። ተቀምጬ ነው።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ተነፈሰ። እሳቸውም ጃንጥላቸውን አስተካከሉ። ተለማማጆቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ አጎነበሱ። አንድ ወጣት ከነእጮኛው መጣና ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል እናትየው «ምን ፈልጋችሁ ነው ልጆቼ?» አሉ በፍቅር።

«አልጋ ልናዝ ነበር።»

«እሰይ። እኔም አልጋ ነው። በጥር ነው ያዘዝኩት።»

ልጆቹ ተያይተው ተመለሱ። ከዚያ ሶፋ ፈላጊ መጣ፤ ተመለሰ። የጠረጴዛ ፈላጊ መጣ፤ እሱ እንኳ ቁጭ ብሎ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ነው የሄደው። እናትየው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ማንንም አልተሳደቡም። ለእያንዳንዱ መጪ ያንኑ ነገር በዚያው ትሕትና ነገሩ። የአሥር አዛን ሳይሰማ ማሽኑ ተነሳ። ከመሸ በኋላ አልጋው ተፈታቶ በጋሪ ወጣ፤ እማማ ከጋሪው ኋላ በርጩማቸውን ተሸክመው ሄዱ። በማግሥቱ ቴሌግራም ላይ ምንም አልተለቀቀም።

እኔም ሐሙስ ሂርማታ ወርጄ በርጩማ ገዛሁ። ባለ ሦስት እግር ነው፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ። ሻጩ ሰርተፍኬት የለውም። ብሩን ተቀበለኝ፣ በርጩማውን ሰጠኝ፣ አለቀ። ሰኞ ጠዋት እዚያ በር ላይ ነኝ። ደጃፉ ጠባብ ስለሆነ የሶፋም የቁምሳጥንም ባለጉዳይ የሆናችሁ ማልዳችሁ መጥታችሁ ቦታ ያዙ። ጃንጥላ እንዳትረሱ።