የልጅቷ 50 ብር
ስለ እርዳታ መስጠት በወጣው ጽሁፍ ላይ «ደረሰኝ ለጥፎ መስጠት ታይታ ነው» የተባለው ላይ በፍጹም አልስማማም። እኛ ሰፈር ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስቴ ለሚመላለስ ጎረቤታችን በቴሌግራም ግሩፕ ብር ስንጠይቅ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ትንፍሽ አላለም፣ ከዛ አንዲት ቡና የምትሸጥ ልጅ የ50 ብር የቴሌብር ደረሰኝ ስትለጥፍ በቃ ሁሉም ተከታተለ፣ ውጭ ያሉት ሳይቀሩ ላኩ። ከላይ አስተያየት ላይ ስለ እርዳታ «ተረጂው ብቻ ነው የሚጠቀመው» ያልከው ወንድሜ፣ ፋውለርና ክሪስታኪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እኮ በማይተዋወቁ ሰዎች መሀል እንኳን የአንዱ ልግስና ከሰው ወደ ሰው እስከ ሦስተኛው ሰው ድረስ ሲሻገር ታይቷል፣ እኛም ጋ ያኔ ያዋጡት ናቸው ዘንድሮ ለሌላ ሰው ቀድመው የተነሱት። የታማሚውን ፎቶ ግን በናታችሁ አትለጥፉ፣ የሰጪው ደረሰኝ ይበቃል።