ለክቡር ተመራጫችን የቀረበ የድጋፍ ሞሽን

ስም አልጠራም፤ ሹመት ያዳብርላቸውና "የኛ ክቡር" እንበላቸው። ሌላው አገር ተመራጩን ሲያማ ይውላል። እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ግን ውለታ እናውቃለን፤ የአንድ ዓመት የምክር ቤት ውሏቸውን አይተን ዝም ብንል ነውር ነው።

ዓመቱ እንደ ወትሮው በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፈተ። የፕሬዝዳንቱ ንግግር ተሰማ፣ የድጋፍ ሞሽን ቀረበ፣ ክቡርም ደገፉ። እጅ አወጣጣቸውን ባያችሁ! አፈ ጉባኤው "የምትደግፉ" ብለው ሳይጨርሱ ወጥቷል። "የምትቃወሙ" እና "ድምፀ ተዓቅቦ" ሲባል ደግሞ ያው እጅ ጠረጴዛው ላይ ዐርፎ ድካሙን ይወጣል። ፒያሳ ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጥን ሁሉ፣ ካሜራው በፊታቸው ሲያልፍ "ታዩ! ታዩ!" ተባባልን። (ነቅተው ነበር።)

አይናገሩም የሚል ሐሜተኛ አለ። ውሸት ነው። በዘጠኝ ወሩ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ላይ ዕድል ደርሷቸው፣ "ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ" አሉ። ሚኒስትሩን አመሰገኑ። ሪፖርቱን አመሰገኑ። ቋሚ ኮሚቴውንም አልረሱም። አሁን የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሃራ ገበያን ባቡር ሊያነሱ ነው ብለን ስኒያችንን አስቀመጥን፤ ያን በ2007 ሥራው ተጀምሮ፣ ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሶ መንገደኛ ያልጫነውን ማለቴ ነው። ክቡር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የኔ ጥያቄ በቀደሙት ተናጋሪዎች ስለተነሳ ጊዜ አልወስድም" ብለው ተቀመጡ።

የቀደሙት ተናጋሪዎች ያነሱት ስለ ማዳበሪያ ነበር።

ይህን ቀላል አታድርጉት። የወሎ ሰው ዱዓ ላይ የአሚን ባይን ዋጋ ያውቃል፤ አሚን የሚል ከሌለ መራቂው ለማን ይመርቃል? 547 መቀመጫ ባለው ቤት ሁሉም ልናገር ቢል ደግሞ ቤቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 መቼ ይደርሳል?

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቁጠባቸው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል በጉባኤው በሰጠው ድምፅም ሆነ አስተያየት አይከሰስም ይላል። ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። ስንቱ የመንግሥት መኪና ተረክቦ አጋጭቶ ሲመልስ፣ ክቡር ይህን ከለላ አንድ ቀን እንኳ ሳይገለገሉበት ከነላስቲኩ አስቀምጠውልናል።

ምክር ቤቱ ሲዘጋ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥተው ለመራጭ ተመራጭ መድረክ ደሴ ገቡ። ውሃው፣ መንገዱ፣ ባቡሩ ይነሳብኛል ብለው ማስታወሻ ደብተራቸውን ገልጠዋል። መጀመሪያ ዕድል የተሰጣቸው አንድ የሰኞ ገበያ አዛውንት ነበሩ።

"ክቡር ልጃችን፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የኔ ጥያቄ በአምናው መድረክ ስለተነሳ ጊዜ አልወስድም" ብለው ተቀመጡ።

ክቡርም ጎንበስ ብለው ጻፉ፦ "መራጩ ሕዝብ ጥያቄ የለውም።"