ፊት የሌለው ሰልፍ

ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ ተከፍቷል። የእኔ ስልክ፣ የእናቷ ስልክ፣ የራሷም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። በጣም የምትወዳት ዘፋኝ በኮንሰርት ጉብኝቷ እዚህ አሜሪካ ወደ እኛ አካባቢ ልትመጣ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። የሰመር ዕረፍቷን ሙሉ የጎረቤት ሕፃናት እየጠበቀች 300 ዶላር አጠራቅማለች። ከሳምንታት በፊት ለትኬት ሽያጩ ተመዝግባ መግቢያ ኮድ ተልኮላታል። ለሁለት ሰው ይበቃናል ብላ ሒሳቡን ሠርታ ጨርሳለች።

ሽያጩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ «ከፊትዎ ከ2,000 በላይ ሰዎች አሉ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጠበቅን። መጠበቅ ከጀመርን ሁለት ሰዓት ሊሞላን ሲል ገባች። 140 ዶላር የሚል ወንበር አገኘች። ሁለት መረጠች፤ ተጫነች። «ሌላ ሰው ወስዶታል» አለ። ሌላ መረጠች። እሱም ተወስዷል። እንደገና ስትሞክር ያው ረድፍ 260 ሆኗል። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ አለቀ። እዚያው ገጽ ላይ ግን፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ «ዳግም ሽያጭ» በሚል፣ የገዙ ሰዎች መልሰው የሚሸጧቸው ወንበሮች ብቅ አሉ። አንዱ ከ700 ዶላር በላይ ነበር።

ልጄ ላፕቶፑን ዘጋችና «አባዬ፣ እኔ እኮ በሰዓቱ ነበርኩ» አለችኝ።

ትኬት ሻጩ ድርጅት ጋ ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ ነው ያነሳው። በጽሑፍም ሞከርኩ፤ የሚመልስልኝ ማሽን ነው። አንድም ሰው አላገኘሁም። ገንዘቡ አልነበረም ያናደደኝ። ያች ልጅ የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች። ተመዝገቢ ተባለች፣ ተመዘገበች። ጠብቂ ተባለች፣ ጠበቀች። ለምን እንዳልደረሳት የሚነግራት ግን የለም።

የዚያን ቀን መተኛት አቃተኝ። ወደ ልቤ የመጣው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እሑድ። ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የሚጫወቱበት ቀን። እኔና ወንድሜ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ስታዲየሙ ዙሪያ ነበርን። ሰዉ ላስቲክ አንጥፎ፣ ጋቢ ደርቦ ተኝቷል። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሻይ የሚሸጡ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ ነበር። አንድ ጎልማሳ ከደብተር ቅጠል ቀዶ የሰልፈኛውን ስም ይጽፋል። ማንም አልሾመውም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል። ሽንት ቤት የሄደ ሰው ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል። ከፊታችን የነበረ የማናውቀው ሰው የጋቢውን ጫፍ ለወንድሜ አካፈለው።

አላሳምረውም። ሲነጋ ግፊያ ነበር። ፖሊሶች ዱላ አንስተው ሰልፉ ሁለት ጊዜ ተበትኗል። ከመስኮቱ ጀርባ በትውውቅ የወጣ ትኬት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አትራፊዎቹም እዚያው ቆመው፣ ካታንጋ የሚባለውን የስታዲየሙን ክፍል ትኬት ከዋጋው በብዙ እጥፍ እየጠሩ ይሸጡ ነበር። ግን ሰው ነበሩ። ፊታቸውን እናያለን። እንከራከራቸዋለን፣ እንሰድባቸዋለን፣ አንዳንዴ ያፍራሉ፤ ዋጋም ይቀንሳሉ። እኔና ወንድሜ ካታንጋ ገባን። በኃይሉ አሰፋ ጎሉን ሲያገባ ጋቢውን ያካፈለንን ሰው ተቃቅፌ ነበር። በኋላ 2 ለ 1 ተሸነፍን። የመጨረሻዋ ጎል በፍጹም ቅጣት ምት የገባችው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። ያ ሽንፈት እስካሁን ያመኛል። ያ ሌሊት ግን ከልቤ አልወጣም።

አገር ቤት በቀበሌ የስኳርና የዘይት ሰልፍ ላይ ያደገ ሰው ድንጋይ ማስቀመጥን ያውቃል። ጉዳይ ያለው ሰው ድንጋዩን ቦታው ላይ አኑሮ ይሄዳል። «ይሄ የማን ነው?» ሲባል «የእትዬ እገሌ ነው» ይባላል፤ ድንጋዩም ከሰልፉ ጋር ወደፊት ይገፋላቸዋል። ለልጄ ይህን ስነግራት አላመነችኝም።

የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ጉዳዩን ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ነው። የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የቴይለር ስዊፍት «ኢራስ» ጉብኝት ትኬት፣ ቲኬትማስተር በተባለው ትልቅ ትኬት ሻጭ ድርጅት በኩል ለተመዘገቡ አድናቂዎች የተከፈተው ያን ቀን ነው። 3.5 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ ነበር። ኮድ የተላከው ለ1.5 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። ሌላው ተጠባባቂ ተባለ። ድረ ገጹ ላይ ግን 3.5 ቢሊዮን ጥያቄ ዘነበበት። ድርጅቱ እንዳለው ከዚያ ውስጥ ብዙ ቦት የሚባለው ነበረበት፤ ሰው መስሎ በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚጫን የኮምፒውተር ፕሮግራም። ሥርዓቱ ተንገዳገደ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ትኬት በአንድ ቀን ተሸጠ። ለሕዝብ ሊከፈት የነበረው የኖቬምበር 18 ሽያጭ አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። ከዋናው ሻጭ ከ49 እስከ 449 ዶላር የነበረው ትኬት በዳግም ሽያጭ ሺህዎች ተጠየቀበት።

እንግሊዝ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2024 ኦገስት መጨረሻ ኦኤሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ዳግም የመገናኘት ጉብኝት ትኬት ሲሸጥ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ሰዎች ለሰዓታት ተሰልፈው፣ 150 ፓውንድ ገደማ ነው ብለው የጠበቁት የቁም ቦታ ተራቸው ሲደርስ ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ ጠበቃቸው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኋላ እንዳለው የቁም ቦታው በሁለት ዋጋ ተከፍሎ ነበር፤ ርካሹ መጀመሪያ ያልቃል፣ ይህን ግን ለተሰላፊው የነገረው የለም። የእኔን ልጅ 140 ዶላር 260 ያደረገባት ደግሞ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ የሚጨምርበት አሠራር ይመስለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው ከተሰለፈ በኋላ ዋጋ መጨመር ምን ይባላል? መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ዋጋ ነግሮህ፣ ገንዘብህን ስትቆጥር «አሁን ሌላ ፈላጊ መጥቷል» ቢልህ ገበያተኛው ሁሉ ይጮህበታል።

ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ሌላ ነው። አንዳንድ ሻጮች በእጃቸው የሌለ ትኬት ይሸጣሉ። ዋናው ሽያጭ ሳይከፈት «ረድፍ ይህን ያህል» ብለው ይለጥፋሉ፤ ገንዘብህን ይወስዳሉ፤ ከዚያ ርካሽ ትኬት ፈልገው ሊገዙልህ ይሞክራሉ። ካጡ ኮንሰርቱ ደጃፍ ደርሰህ ትመለሳለህ። ለዚህ አማርኛ ቃል አለን፤ አየር በአየር። አገር ቤት በመኪናም በሲሚንቶም ስናየው የኖርነው ነው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አሜሪካን የማደንቅበት ነገር ስላለ። የታዳጊዎች ልቅሶ ነው ተብሎ አልታለፈም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2023 የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ የቲኬትማስተርን እናት ድርጅት የላይቭ ኔሽንን ፕሬዚዳንት አስቀርቦ ጠየቀ። ሁለቱ ድርጅቶች የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ አንዱ ኮንሰርት ያዘጋጃል፣ ሌላው ትኬት ይሸጣል። በዚያው ስብሰባ ክላይድ ሎውረንስ የተባለ ሙዚቀኛ ሒሳቡን ዘርዝሮ አስረዳ። 30 ዶላር የተባለ ትኬት 12 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት 42 ይሆናል። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ለባንዱ የሚደርሰው 12 ዶላር ያህል ነው። ከዚያም ላይ የጉዞ ወጪ አለ። ባንዱ ስምንት ሰው ነው።

በሜይ 2024 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከ29 ግዛቶችና ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ሆኖ ሁለቱን ድርጅቶች ገበያውን በብቸኝነት ይዘዋል ብሎ ከሰሰ። ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሻጮች ክፍያውን ደምረው ሙሉ ዋጋውን ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ የፌዴራል ደንብ ያዛል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሜሪላንድ በ2024 ባወጣው ሕግ ያንን በእጅ የሌለ ትኬት መሸጥ ከልክሏል። አየርላንድ ከዚህም አልፋ፣ በ2021 በወጣ ሕግ የትልልቅ ዝግጅቶችን ትኬት ከዋናው ዋጋ በላይ መልሶ መሸጥን ከልክላለች። እኔም የምመኘው ይኼኛውን ነው። ትርፉ ከጠፋ ቦቱም ይጠፋል።

ስታዲየም ደጃፍ ለሚሸጠው የካታንጋ ትኬት ግን ማን ተጠየቀ? የትኛው ምክር ቤት ሰው ጠራ? ወንድሜን በስልክ ስጠይቀው ሳቀና «ማን ይጠይቃል ብለህ ነው» አለኝ። ብሔራዊ ቡድናችን የአገር ውስጥ ሜዳ አጥቶ «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ በኖረባቸው ዓመታት የሚሰለፍበት ትኬትም አልነበረም አለኝ። ይህን ሲለኝ ድምፁ ተቀየረ።

ልጄን ያጽናናት መስሎኝ ባለፈው ወር የእኛን ኮንሰርት ይዣት ሄድኩ። ትኬቱን የገዛሁት እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ ነው። ባለሱቋ ከመሳቢያዋ አወጣችልኝ። «ለልጅሽ ነው?» ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት፤ ካርዴንም ሳትቀበለኝ «ነገ ስትመጣ ትሰጠኛለህ» አለችኝ። ኮንሰርቱ በጣም ዘግይቶ ነው የጀመረው፤ ልጄ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። መሐል ላይ ግን ተነስታ እስክስታ መታች።

የራሷን ዘፋኝ ግን አልረሳችም፤ እንድትረሳም አልፈልግም። የኢራስ ጉብኝት ፊላደልፊያ በደረሰ ጊዜ ትኬት ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስታዲየሙ ውጭ ቆመው አብረው ሲዘፍኑ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሙኒክ ላይ ደግሞ ስታዲየሙ አጠገብ ያለው ኮረብታ በሰው ተሸፍኗል። ትዝ ያለኝ ስታዲየማችን ዙሪያ ፎቅ ጣሪያ ላይ ወጥተው ኳስ የሚያዩት ልጆች ናቸው። «ትኬት ካጣን እኛም ውጭ እንቁም?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

አሁን ለሌላ ከተማ ተመዝግባለች። ኮዱ ከመጣ ሽያጩ ሐሙስ ነው። አለቃዬን ለምኜ የረቡዕ ሌሊት ፈረቃዬን ለሌላ ሰው አስይዣለሁ።