ከቀኝ ይቆረጥ ከግራ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት ግድግዳውን ታነባላችሁ። ፊት ለፊት የምረቃ ፎቶ አለ። ጋዋን፣ ቆብ፣ በእጅ የተያዘ ጥቅል ወረቀት። ወረቀቱ ፎቶ ቤቱ ያዋሰው ባዶ ጥቅልል ሊሆን ይችላል፤ ግን ማን ፈትቶ ያየዋል? ከጎኑ የሰርግ ፎቶ። ከሱ በላይ እመቤታችን ወይም ቅዱስ ገብርኤል። ወረድ ብሎ ውጭ አገር ያለው ልጅ፣ የራሱ ይሁን የጎረቤት ያልታወቀ መኪና ተደግፎ።

ሁሉም ኮርኒሱን ሊነኩ ምንም አልቀራቸው። ሙዚየሞች የሥዕሉን መሃል ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ያውሉታል፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቁም ነገር ያለው ሁሉ ከፍ ይላል። አንገት ካላሳመመ ምኑን ምረቃ ሆነ?

ፍሬሙ ወርቃማ ነው። ወርቅም እንጨትም አይደለም፤ የወይን ዘለላ የታተመበት ፕላስቲክ ነው። ጠርዙ ሲላጥ ከሥሩ ነጭ ፎም ብቅ ይላል። ቀጭን ጥቁር ፍሬም ልምረጥ ያለ ደፋር ካለ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ጥቁር? ምነው፣ ማን ሞተ?"

ትልቁ ጠብ ያለው ግን ካርቶኑ ላይ ነው። በፎቶውና በፍሬሙ መካከል የሚገባውን፣ መሃሉ እንደ መስኮት የተቆረጠውን ወፍራም ካርቶን ማለቴ ነው። ፓስፓርቱ የሚሉት አሉ። ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሥራ አለው። ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ ይከላከላል። በክረምት እርጥበት ገብቶ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ፣ ላላቅቅ ሲሉ የሙሽራው ፊት መስታወቱ ላይ ይቀራል። ሙሽሪት ጭንቅላት የሌለው ሱፍ አቅፋ ትኖራለች። ካርቶኑም አሲድ የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ተራው ካርቶን ሲቆይ ራሱም ቢጫ ይሆናል፣ ፎቶውንም ያበላሻል።

ይሄን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና "ታዲያ ለባዶ ቦታ ነው የምንከፍለው?" አለች።

ጥያቄዋ የአገር ጥያቄ ነው። ባዶ ቦታ አንወድም። ወጡ እንጀራው ጠርዝ ድረስ ካልደረሰ እንግዳው ይታዘባል፤ ፎቶም እንደዚያው ነው። ነጭ ጠርዝ የምንወደው ሰርግ ላይ ብቻ ነው። አዳራሹ መግቢያ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ዙሪያው ነጭ ተትቶለት ይቆማል፣ እንግዳው እየፈረመ ይገባል። ወደ ማታ ነጩ ያልቃል። ዘግይቶ የመጣ አንድ አጎት ቬሎዋ ላይ "ውለዱ ክበዱ" ብሎ ይፈርማል።

ወደ እናቴ ልመለስ። እህቴ ስትመረቅ የተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ አለ። ተደርድረን ነው የቆምነው። በቀኝ ጫፍ የአባቴ እህት፣ በግራ ጫፍ የእናቴ እህት። እንዲያ ተራርቀው የቆሙት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ፎቶው ቁመቱ 20፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። እናቴ ፎቶ ቤት ሄዳ 30 በ40 ፍሬም መረጠች፤ ወርቃማውን፣ ባለ ወይን ዘለላውን። "በፍሬሙ ልክ አሳድገህ አውጣልኝ፤ ካርቶን ምናምን አልፈልግም" አለችው የፎቶ ቤቱን ልጅ።

ልጁ ማስመሪያውን አነሳ። "ማዘር፣ አይገጥምም።"

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁመቱ 30 እንዲሆን ሲያድግ ወርዱ 45 ይሆናል። ፍሬሙ 40 ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አለ፣ ይቆረጣል ማለት ነው። ልጁ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ "ከቀኝ ልቁረጥ ከግራ?" አለ።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ስልክ እያወራ ነበር። "መልሼ ልደውልልህ" ብሎ ዘጋው።

"ከቀኝ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

"ምን ማለት ነው ከቀኝ?"

"አይ፣ ለፎቶው ብዬ እኮ ነው። እሷ እንደሆነ ዓይኗን ጨፍናለች።"

"ያንቺዋስ ስልኳን አይደል እንዴ የምታየው?"

ልጁ ሽምግልና ገባ። "ፋዘር፣ በቃ ከሁለቱም እኩል ላውጣ፤ ሁለት ተኩል ሁለት ተኩል።" ማስመሪያውን ፎቶው ላይ አጋድሞ አሳየን። ሁለቱም አክስቶች አንድ ትከሻና ግማሽ ፊት ያጣሉ። ፍትሐዊ ነው፣ ግን በአንድ ፍሬም ሁለት ኩርፊያ መግዛት ነው። ፋሲካ ደግሞ ደርሷል፤ ሁለቱም ይመጣሉ።

ካርቶኑ ሹመቱን ያገኘው ያኔ ነው። 20 በ30 ፎቶ እንዳለ 30 በ40 ፍሬም ውስጥ ሲቀመጥ በአራቱም በኩል እኩል 5 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ለካርቶን ተብሎ የተለካ ይመስላል። ማንም አይቆረጥም። እርግጥ ካርቶኑ ፎቶውን እንዲይዝ ዙሪያውን ሚሊ ሜትሮች ይደርብበታል። ይሄን ልጁም እኔም ጮክ ብለን አላወራነውም። ከአባቴ እህት የሄደው የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው።

ቀለም ምርጫ ላይ ልጁ "ክሬም ይሁን፤ በጣም ነጭ ካርቶን ፎቶው ላይ ያለውን ልብስ ያልታጠበ ያስመስለዋል" አለ። ሁለቱም አክስቶች የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። በዚህ ጉዳይ እናትና አባቴ ያለ ምንም ክርክር ተስማሙ።

የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ምስማር እንዴት እንደሚተፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፊሸር ተገዛ፣ ሰፈሩ በድሪል ድምፅ ተረበሸ፣ ፎቶው ኮርኒሱ ሥር ወጣ።

በፋሲካ ሁለቱም መጡ። የእናቴ እህት ቀና ብላ አየችና "ምነው ፎቶው አነሰ? ትልቁ ተወደደ እንዴ?" አለች። የአባቴ እህት ግን የካርቶኑን ጠርዝ በደንብ አጥንታ "እንዲያውም ጥሩ ቦታ ተርፏል" ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። የልጅ ልጇን ጉርድ ፎቶ አወጣች። ወንበር ላይ ወጥታ በፍሬሙና በመስታወቱ መካከል ሰካችው፣ በራሷ በኩል፣ በቀኝ።

ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ በግራ በኩል ሁለት ተሰክተው ነበር።