ውጤት ይታይ ወይስ ጓዳ?

በድሬዳዋ የሚገኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ከከተማዋ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ስድስት ልጆች የመጓጓዣ፣ የኪስ ገንዘብና የላፕቶፕ መግዣ ይሰጣል። ዘንድሮ ለአባላት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ «ድጋፉ በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ብቻ ይሰጥ፤ የቤተሰብ ገቢ አይጠየቅ» የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት የማኅበሩ አባል የሆኑ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ የተቃወሙት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሁለቱ የተጻጻፉት ከዚህ ቀጥሎ ቀርቧል።

መምህሩ፦

ለትምህርት የተዋጣ ገንዘብ በትምህርቱ ለበረታ ልጅ ይሰጥ ነው የምለው። የአባቱን ደመወዝ፣ የእናቱን ጉሊት፣ የቤቱን ጣሪያ መመርመር የእኛ ሥራ አይደለም። እስካሁን በያዝነው አሠራር ልጁ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያመጣል፣ ኮሚቴው ፊት ይቆማል፣ ድህነቱም እየሰማ ይነበብለታል። ደብዳቤውም ቢሆን ሰው ያለው ሰው የሚያገኘው ነው፤ ሱቅ ያለው አባት «ምንም ገቢ የለውም» ተብሎ ክብ ማኅተም የተመታለትን ወረቀት ልጁ ይዞ የመጣበትን ዓመት ገንዘብ ያዣችን ይረሱታል ብዬ አላምንም። ድህነትን ወረቀት አይመሰክርም፤ ውጤት ግን አይዋሽም።

መንግሥትም ተማሪ ሲመድብ የሚያየው ውጤትን እንጂ ጓዳን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የመጣውን የወጪ መጋራት ውል የነጋዴውም የዘበኛውም ልጅ እኩል ይፈርማል፤ ከተመረቀ በኋላም ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ሆፕ የተባለ የኮሌጅ ድጋፍ በመጀመሪያው ዓመት የቤተሰብ ገቢው ከ66,000 ዶላር የበለጠውን ተማሪ አይቀበልም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጣሪያው ወደ 100,000 ከፍ አለ፣ በሦስተኛው ፈጽሞ ተነሣ፤ የቀረው መስፈርት 3.0 አማካይ ውጤት ነው። የታሰበውም ጎበዞቹ ወደ ሌላ ግዛት እንዳይሄዱ ነበር፤ ብዙዎቹም እዚያው ተማሩ። ሀብታም አገር ያላፈረበትን መንገድ እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ገንዘብ ያዧ፦

«ውጤት አይዋሽም» ያሉትን ሳነብ የ2008ቱ ፈተና ትዝ አለኝ። የእንግሊዝኛው ጥያቄ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ የአገሪቱ ፈተና በሙሉ መሰረዙን የሒሳብ መምህር ካልሰማ ማን ይሰማል? የ2014 ተፈታኞች በየትምህርት ቤታቸው መቀመጣቸው ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ተጭነው የተፈተኑት ውጤት ስለማይዋሽ ነበር? መንግሥት ራሱ ያላመነውን ምስክር እርስዎ ያለ መሐላ ተቀበሉት።

ስለ ጆርጂያም ግማሹን ብቻ ነገሩን። የሆፕ ገንዘብ የሚመጣው ከሎተሪ ነው፤ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎችም ድጋፉ ከመጣ ወዲህ በግዛቱ የመኪና ግዥ መጨመሩን አጥንተው ጽፈዋል። ልጁ ያለ ድጋፉም ኮሌጅ ይገባ ነበርና የተረፈው ገንዘብ መኪና ሆነ። ሃርቫርድና ዬል ያሉባቸው፣ አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በውጤት ብቻ የሚሰጥ ድጋፍ የላቸውም፤ የሚያዩት የቤተሰብን አቅም ነው።

እኛ መኪና ባንገዛ ላፕቶፕ ላለው ላፕቶፕ እንገዛለን። ለገሃሬ አካባቢ ሻይ የምትሸጥ እናት ልጅ አውቃለሁ። ልጅቱ ንጋት ላይ ሁለት ቴርሞስ በቅርጫት ይዛ ትወጣለች፤ የባዮሎጂ ደብተሯ ሻይ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ ከቴርሞሶቹ መካከል ተሸጉጦ ይቀመጣል። ከመቶ 54 አመጣች። የከዚራ ሰፈሩ ልጅ፣ ማታ ማታ አስጠኚ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት፣ 71 አመጣ። በእርስዎ ሕግ ገንዘቡ የእርሱ ነው። ችግረኛን ለመለየት ማኅተም አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ገባ ብሎ ቢያይ ይበቃል።

መምህሩ፦

ስለ 2008 የጻፉት ዛሬ ለሚፈተን ልጅ አይሠራም፤ ፈተናው ግቢ ውስጥ ከገባ ወዲህ ያለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 5.4 ሆኑ። እንደዚያ ባለ ወንፊት አልፎ 71 ያመጣ ልጅ አስጠኚው ፈተናውን አልተቀመጠለትም። ሃርቫርድም ቢሆን መጀመሪያ በሩ ላይ በውጤት አጥልሎ ካስገባ በኋላ ነው ስለ ኪስ የሚጠይቀው።

ይህ ግን አላስቆጣኝም። ያስቆጣኝ «ገባ ብሎ ቢያይ ይበቃል» የሚለው ቃል ነው። ወደ እኛም ቤት ገባ ብለው ያዩ ሰዎች ነበሩ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ስሙን የማልጠራው አንድ የእርዳታ ኮሚቴ ሦስት ሰዎች ልኮ ሲመጣ እናቴ ሬዲዮናችንን ጎረቤት አሻግራ አስቀመጠችው፤ ሬዲዮ ያለው ቤት ድሃ አይባልማ! አንደኛው ሰውዬ ወንበር ሲሰጠው አልቀመጥ ብሎ የእንጀራ ሞሰባችንን ክዳን አንሥቶ አየ። በውስጡ ሁለት እንጀራ ነበር። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እርስዎ ይህን «ገባ ማለት» ይሉታል፤ ለእኔ ግን ሌላ ስም አለው፣ ጨዋ ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ላይ ግን አላሰፍረውም።

ገንዘብ ያዧ፦

ስለ እናትዎ ከልቤ አዝናለሁ፤ ሞሰብ የሚከፍት ሰው ልኬም አላውቅ። ነገር ግን መምህር፣ ገንዘቡን ተቀብለው ተምረዋል። ዛሬ በሩን የሚዘጉት በዚያው በር ገብተው ነው።

አሁንም «ውጤት አይዋሽም» የምትለዋን አልለቃትም፤ እርስዎ የፈተናውን አጥር እንጂ ጥያቄዬን አልመለሱምና። በ2015 ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አንድም ጎበዝ ልጅ አልተወለደም ልንል ነው? ውጤቱ እውነት ተናግሯል እንበል፤ ግን የተናገረው ስለ ልጁ ነው ወይስ ቤተ ሙከራ ስለሌለው፣ የፊዚክስ መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ ለቆ ስለሄደበት ትምህርት ቤት?

መምህሩ፦

«በዚያው በር ገብተው» ያሉኝን ለአባላት እተወዋለሁ። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ያ ኮሚቴ የውጤት ካርዴን ብቻ አይቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ሞሰቡ ሳይከፈት አገኘው ነበር፤ የምከራከረውም ስለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ገንዘብ ያዧ፦

አሁን ቁም ነገሩ መጣ። እርስዎ ከክፍልዎ አንደኛ ሲወጡ ከጎንዎ የነጋዴውም ልጅ የመሐንዲሱም ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ መምህራችሁ አንድ፣ ጥቁር ሰሌዳችሁ አንድ። ያኔ ካርድዎ ስለ እርስዎ ይናገር ነበር። ዛሬ አቅም ያለው ልጁን ገና ከመዋዕለ ሕፃናት የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። ከዚያ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ አሰልፈን «እኩል ተወዳደሩ» እንላለን። ያለፈውን ዓመት መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ፦ ያመለከቱትን በውጤት ብቻ ደርድረን ቢሆን ኖሮ ከስድስቱ አምስቱ ከግል ትምህርት ቤት የመጡ ይሆኑ ነበር። አምስተኛው ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ሲመደብ በአባቱ መኪና የተሸኘ ልጅ ነው።

መምህሩ፦

ከየመንግሥት ትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣው ይወሰድ ብል ማን ይከለክለኛል? ያም ውጤት ነው። የማንም ጓዳ አይታይም፣ የማንም ደብዳቤ አይነበብም። የእርስዎም የሻይ ሻጯ ልጅ ከትምህርት ቤቷ ቀዳሚ ከሆነች 54ቷ ይበቃታል፤ የከዚራው 71 አይጋፋትም። ከመጀመሪያም ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ገንዘብ ያዧ፦

ከመጀመሪያም አልነበረም፤ ለአባላት የተሰራጨው ወረቀት እጄ ላይ አለ፣ «የመንግሥት ትምህርት ቤት» የሚል ቃል በውስጡ የለም። ይሁን፣ ሰው በጽሑፍ ሲከራከር ሐሳቡ ቢያድግ ነውር የለውም፤ ያደገውን ግን ከመጀመሪያው ነበር ማለት ነውር ነው።

በአዲሱ ሐሳብ ብንስማማ እንኳ ያልተዘጋ ነገር አለ። ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች እኩል ቢያመጡ፣ አንዱ የራሱ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ልጅ ቢሆን፣ ሌላው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከአያቱ ጋር የሚኖር ቢሆን፣ በምን ይለያሉ?

መምህሩ፦

ዕጣ ይጣል።

ገንዘብ ያዧ፦

ዕጣ! ከጆርጂያ የወሰድነው እንግዲህ ሎተሪዋን ሆነ ማለት ነው። መምህር፣ ማመልከቻው ላይ «የአሳዳጊ ሥራ» የምትል አንዲት መስመር ትግባ ነው የምለው። ልጁ በእጁ ይሙላት፣ ማንም ጮኾ አያንብባት፣ የምትታየውም ሁለት ልጆች እኩል ሲመጡ ብቻ ይሁን። ለዚህች መስመር ሞሰብ መክፈት አያስፈልግም።

መምህሩ፦

ገንዘብ ያዣችን ጎረቤት የተቀመጠውን ሬዲዮ ያላዩ ሰው ናቸውና «አንዲት መስመር» ማለቱ ይቀላቸዋል። መስመሯ ብትገባ ድምፄን አልነፍግም። ነገር ግን ፎርሙ ታሽጎ ሁለት ሰው ብቻ የሚከፍተው ካልሆነ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ሰውም ከተመረጠ፣ ስሜን ከኮሚቴው ዝርዝር ላይ ዛሬውኑ ይሰርዙልኝ፤ የዓመቱን መዋጮዬን ግን እከፍላለሁ።