ሔለን ኬለር የለችም ላላችሁ

ሰሞኑን አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ተላከልኝ። ልጁ ሔለን ኬለር፣ ያቺ ማየትም መስማትም ሳትችል መጻሕፍት የጻፈችው አሜሪካዊት፣ የፈጠራ ወሬ ናት ባይ ነው። ማስረጃው? የእጅ ጽሕፈቷ። ዓይነ ስውር ሰው እንዲህ ቀጥ አድርጎ መጻፍ አይችልም ይላል። ከሥር ያለው ሁሉ ያጨበጭብለታል።

እስቲ ከጽሕፈቱ እንጀምር። ደብዳቤዎቿ ላይ ያሉት ፊደሎች እንደ ጡብ የተደረደሩ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያላቸው ናቸው። ምክንያቱም ከወረቀቱ ሥር ቦይ ቦይ ያለው ሰሌዳ ይገባል። እርሳሱ በቦዩ ውስጥ ይሄዳል፣ የግራ እጅ ጣት ጫፉን እየዳሰሰ ይከተላል። መስመሩ ቀጥ ያለው ስለማታይ ነው! አጣሞ የሚጽፈውማ የሚያየው ነው። የእኔን ጽሕፈት ያየ ይመስክር።

«ሁሉንም የጻፈችላት አስተማሪዋ አን ሱሊቫን ናት» የሚሉም አሉ። እሺ። ሱሊቫን በ1936 ሞተች (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኬለር እስከ 1968 ኖረች። በመሃሉ ባሉት 32 ዓመታት አገር ላገር ዞራ ንግግር አድርጋለች፣ በ1955 ስለዚያችው አስተማሪ መጽሐፍ አሳትማለች። ማን ጻፈላት፣ ሟቿ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። ገና በ11 ዓመቷ ለፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የልደት ስጦታ ብላ አንድ ተረት ጽፋ ላከች። ተረቱ ቀድሞ ከታተመ ሌላ ተረት ጋር ይመሳሰላል ተባለ። የሰማውን ተረት የራሱ መስሎት የማያወራ ልጅ የት አለ? እሷን ግን በ1892 ስምንት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው መረመሯት። አስተማሪዋን ከክፍሉ አስወጥተው! ልጅቷ ጥያቄውን የምትሰማው መዳፏ ላይ በሚጻፍ ፊደል ነው። ስታድግም አልተዋትም። ሶሻሊስት ስትሆን፣ ቀድሞ ያሞካሻት የጋዜጣ አዘጋጅ ስህተቷ ከአካል ጉዳቷ የመጣ ነው አለ። ዝም ስትል ተአምር፣ ስትናገር ጉድለት!

«ተአምር ናት» ባዮቹም ቢሆኑ ከቲክቶኩ ልጅ ብዙ አይርቁም። በ1887 አንድ እጇ ላይ ውሃ እየወረደ ሌላው ላይ «ውሃ» ተብሎ ሲጻፍ ድንገት ገባት፤ እውነት ነው። ግን ሱሊቫን ከዚያ በፊት ከአንድ ወር በላይ ሳትታክት ስትጽፍባት ነበር። የጣት ፊደሉም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ሱሊቫን እዚያው ፐርኪንስ የለመደችው ከላውራ ብሪጅማን ጋር እያወራችበት ነው። ብሪጅማን ማየትም መስማትም የማትችል ሴት ነበረች፤ በእጇ መነጋገር የጀመረችው ኬለር ከመማሯ 50 ዓመት ገደማ ቀድማ ነው።

ዛሬስ? የኤርትራና የኢትዮጵያ ልጅ የሆነችው ሐበን ግርማ በ2013 ከሐርቫርድ በሕግ ተመርቃለች። ማየትና መስማት ከተሳናቸው የመጀመሪያዋ ናት። የሚያናግራት ሰው ኪቦርድ ላይ ይጽፋል፣ ቃሉ ብሬይል ሆኖ ጣቷ ሥር ብቅ ይላል። ልጁ እሷንም የለሽም ሊላት ከፈለገ፣ ኪቦርዱ ላይ ጽፎ ይንገራት።