የጠያቂው አድራሻ መንገድ ላይ አይቅር

የዲኤንኤስ ሰርቨራችንን ሎግ (የጥያቄዎች መዝገብ) ስከፍተው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ከአንድ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ከአንድ የኔትወርክ ቁጥር። አድራሻው ደግሞ የማንም ሠራተኛ አይደለም፤ የድረ ገጽ ስም ሲጠየቅ አይፒ አድራሻውን ከሚመልሰው ከዲኤንኤስ ሰርቨራችን ፊት ያቆምነው ፕሮክሲ ነው፤ ጥያቄ ተቀብሎ በራሱ አድራሻ የሚያስተላልፍ አማላጅ። ቢሮ ውስጥ ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ነበር። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከክፍል ክፍል ስንዞር ዋልን።

ዘበኛው "እንግዳ መጥቷል" ይልና ማን እንደሆነ አይናገርም እንደማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ማንን ያስገባ፣ ማንን ይመልስ?

ጉዳቱ በሎግ አያበቃም። ዲኤንኤስ ሰርቨር ራሱን የሚከላከለው የጠያቂውን አድራሻ አይቶ ነው። ጥያቄ የሚያበዛውን ይገድባል፤ ያልተፈቀደለትን አይቀበልም። ሁሉም በፕሮክሲው አድራሻ ከመጣ ግን አንዱ ባጠፋ ሁሉም ይቀጣል። እኛም ጋ ኢንተርኔት "ተቋረጠ" የተባለው በዚሁ ነበር።

ኢዲኤንኤስ ክላየንት ሰብኔት (የጠያቂውን አድራሻ ከፊል ከጥያቄው ጋር የሚልክ የዲኤንኤስ ተጨማሪ) ይበቃል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። እሱ የተሠራው ለጠያቂው የሚቀርበውን ሰርቨር ለመምረጥ ነው። በአይፒቪ4 (32 ቢት ባለው የአይፒ አድራሻ ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም የአድራሻውን የመጀመሪያ 24 ቢት ብቻ ነው። ሰፈሩን ይነግርሃል፤ ቤቱን አይነግርህም።

የሚያዋጣው ፕሮክሲ ፕሮቶኮል ነው፤ ሁለተኛው ስሪት። ኤችኤፕሮክሲ ከተባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር የመጣ ሐሳብ ነው። ፕሮክሲው የመጀመሪያውን ላኪ አድራሻና ፖርት (የግንኙነቱን በር ቁጥር) ከጥያቄው ፊት ይጽፋል። ለአይፒቪ4 የሚጨምረው 28 ባይት አካባቢ ነው። ዲኤንኤስ በሚጓጓዝባቸው በሁለቱም መንገዶች፣ በዩዲፒም በቲሲፒም፣ ይሠራል። ዲኤንኤስዲስት የተባለው የዲኤንኤስ ፕሮክሲ ይልከዋል። ከዲኤንኤስ ሰርቨር ሶፍትዌሮች ደግሞ ፓወርዲኤንኤስ ሪከርሰር ይቀበለዋል፤ አንባውንድ ከስሪት 1.17፣ ባይንድም ከ9.20 ጀምሮ ይቀበላሉ። "ሶፍትዌሩ አይችልም" የምንልበት ጊዜ አልፏል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰርቨሩ ይህን ከጥያቄው ፊት የሚጻፍ አድራሻ ከፕሮክሲው ብቻ ይቀበል። ለሁሉም ከተከፈተ ማንም ተነስቶ የሌላ ሰው አድራሻ ጽፎ ይገባል። ባይንድ ካልፈቀዱለት ከማንም አይቀበልም፤ ሠሪዎቹ ደግ አድርገዋል። ሁለቱንም ወገን አብራችሁ አስተካክሉ፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ካልጠበቀ ጥያቄው መልስ አያገኝም።

"የሰው ምስጢርስ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዲኤንኤስ ሎግ ሰው ምን እንደሚያይ ይናገራል። ስለዚህ እኛ ጋ ሎጉ በሰባተኛው ቀን ይጠፋል፤ ከሁለት ሰው በቀር የሚከፍተውም የለም። የተበላሸ ኮምፒውተር ለመፈለግ ሰባት ቀን ይበቃል።